ከጠረጴዛው ሥር የተገለበጠው መጋዝ

ባለቤቴ ከምሥራቁ ጦር ግንባር ሲመለስ ሁለቱም እጆቹ አብረውት መጥተው ነበር። ጎረቤቶቻችን ይህን አይተው «ተመስገን በይ፣ ሙሉ ሰው ሆኖ መጣልሽ» አሉኝ። እኔም ተመስገን አልኩ። ሙሉ አለመሆኑን ያወቅሁት በማግስቱ ጠዋት ሸሚዙን ሲቆልፍ ሳየው ነው። አንዱን ቁልፍ ለማስገባት በወሰደበት ጊዜ እኔ አልጋ አንጥፌ ጨርሻለሁ።

ጥይቱ በግራ ትከሻው ገብቶ በብብቱ ሥር ወጥቷል። ክንዱ ይታጠፋል፣ ይዘረጋልም። ጣቶቹ ግን አይጨብጡም፤ ትኩስና ቀዝቃዛም አይለዩም። ሐኪሙ የተጎዳው ነርቩ ነው፣ ምናልባት ከጊዜ ብዛት ሊመለስ ይችላል ብሎታል። እሱ ከዚህ ሁሉ የያዘው «ምናልባት»ን ብቻ ነበር፤ እሷንም በጥሩ ጎኗ አልነበረም የያዛት።

እንጨት ሠራተኛ ነው። ከአብዮቱ በፊት አንድ ጣሊያናዊ ሽማግሌ ዘንድ ተቀጥሮ ነበር የሚሠራው። ሽማግሌው ሥራውን ዘግቶ ወደ አገሩ ሲሄድ አንድ የኤሌክትሪክ የእጅ መጋዝ ትቶለት ሄደ። ተራ የእጅ መጋዝ አይደለም። ክብ ምላጭ ያለው ሆኖ፣ ቁመቱ ከአንድ ሰው ቁመት ትንሽ በሚበልጥ የአሉሚኒየም ሐዲድ ላይ እየተንሸራተተ ነው የሚሄደው። ሐዲዱን ጣውላው ላይ ያስተኙታል፤ መጋዙን በሐዲዱ ላይ ያስቀምጡና በሁለት እጅ ይዘው ወደፊት ይገፉታል። የተቆረጠው ጠርዝ መላጊያ እንደነካው ይሆናል። ባለቤቴ ከእኔ ቀጥሎ፣ አንዳንዴም ከእኔ ቀድሞ፣ የሚሳሳለት ዕቃ ነበር።

በኋላ ሰፈራችን ውስጥ የእንጨት ሠራተኞች ማኅበር ሲቋቋም አባል ሆነ። ሁለት ዓመት እንደሠራ በሚሊሺያ ተመልምሎ ዘመተ። የመጋዙን ሣጥን አልጋ ሥር አስገብቼ፣ አቧራ እንዳይገባው በአሮጌ አንሶላ ጠቅልዬ ነበር የጠበቅሁት።

እኔ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ነበር የምሠራው፤ ከቤታችን በእግር ሩብ ሰዓት አያስኬድም። ስፌት ክፍል ነኝ። ሥራው በፈረቃ ነው፤ አንድ ሳምንት ጠዋት፣ አንድ ሳምንት ከሰዓት። ያኔ ነፋስ ስልክ የፋብሪካ ሠራተኛ ሰፈር ነበር። ከጓሯችን አጥር ባሻገር ወደ ላፍቶ በኩል ያለው ግን እርሻ ነው፤ በክረምት ጭቃውን፣ በመኸር የስንዴ ገለባውን ነፋሱ ወደ እኛ ያመጣዋል። የቀበሌ ቤት ነበር ያለን፤ ሁለት ክፍልና ከጓሮ አንዲት የቆርቆሮ ዳስ። ልጅ ገና አልወለድንም።

ከተመለሰ ከሁለት ሳምንት በኋላ የማኅበሩ ሊቀመንበር ሊጠይቀው መጣ። ባለቤቴ ሥራ ያስተማረው፣ ከእሱ በዕድሜ የሚያንስ ሰው ነው። ትንሽ እንደተጫወቱ እንዲህ አለው፦

«ማኅበሩ አልረሳህም። ዘበኛችን አርጅቷል። ቦታውን ለአንተ ይዘንልሃል።»

ባለቤቴ «ላስብበት» አለ። መልስ ግን አልላከም። ጠዋት ጠዋት ዳሱ ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። መሮዎቹን ይስላል። ምንም የማይሠሩ መሮዎች እንዲያ ተስለው አይቼ አላውቅም።

አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ መጋዙን ከአልጋ ሥር አውጥቶት አገኘሁ። የጓሮው መስኮታችን ከሥሩ በስብሶ ነበርና ክረምቱ ሳይገባ አዲስ ላድርግ ብሎ ነው የተነሣው። ሐዲዱን ጣውላ ላይ በሁለት ሞርሳ አስሮ፣ መጋዙን በቀኝ እጁ ብቻ ይዞ ገፋው። መጋዙ ከባድ ነው። ግማሽ መንገድ ድረስ ደህና ሄደና ከዚያ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ከሐዲዱ ወጣ። ጣውላው ላይ እንደ ጅብ ንክሻ ያለ ነገር ቀረ። ሁለተኛም ሞከረ። በሁለተኛው የበለጠ ተበላሸ።

ሌላም ችግር ነበር፤ ይኼ በእጁ የመጣ አይደለም። የመስኮት ክፈፍ ቀጫጭን እንጨት ይፈልጋል። ሐዲዱ ደግሞ የሚተኛበት ሰፊ ነገር ይሻል። ሁለት ጣት ስፋት ባለው እንጨት ላይ ሐዲድ ማስተኛት አይቻልም። «ድሮስ ይኼን በዚህ መጋዝ ማን ይቆርጣል» አለና ሣጥኑን ዘጋ። ለእኔ ሳይሆን ለራሱ ነው የተናገረው።

ቤት ውስጥ አንዲት የእጅ ስፌት መኪና ነበረችኝ። በዚያው ሳምንት እሑድ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ የጎረቤት ቀሚስ እየዘመዘምኩ ተቀምጫለሁ። እሱ ፊት ለፊቴ ወንበር ላይ ሆኖ ያየኛል። በቀኝ እጄ እያዞርኩ በግራ እጄ ጨርቁን እሰዳለሁ። እንዲያው እንደ ዘበት ከአፌ ወጣ፦

«መጋዙን ለምን አትገለብጠውም?»

«ምን አልሽ?»

«መርፌው እኮ ቦታውን አይለቅም። የሚሄደው ጨርቁ ነው። መጋዙ ቆሞ አንተ እንጨቱን ብትገፋውስ?»

«እንደዚያ የሚሠራ ማሽን አለ። ማኅበሩ ቤት ቆሟል። መለዋወጫ ጠፍቶለት ከተበላሸ ዓመት ሆኖታል ይባላል።»

«የማኅበሩን አላልኩም። ጠረጴዛ አለን አይደል? ከሥሩ እሰረውና ምላጩ ብቻ በላይ ይውጣ።»

«ጠረጴዛ ላይ ምግብ ነው የሚበላው» ብሎ ተነሥቶ ወደ ጓሮ ወጣ።

አራት ቀን ያህል ከ«ደህና አደርሽ» በቀር አልተነጋገርንም። በአምስተኛው ቀን ከጠዋት ፈረቃ ስመለስ ጠረጴዛችን ግቢው መሀል አራት እግሩን ወደ ሰማይ ዘርግቶ ተኝቷል። ከሥሩ በእርሳስ መስመር ተሠምሮበታል። ጣሊያናዊው በሠርጋችን ጊዜ የሰጠን የዋንዛ ጠረጴዛ ነው፤ ገበታው ሦስት ጣት ይወፍራል። «ልቆርጠው ነው» አለኝ። አልጠየቀኝም፤ አስታወቀኝ። «ቁረጠው» አልኩ።

መጋዙ የሚታሰርበትን ብረት የሠሩልን የፋብሪካችን መካኒክ ናቸው። የስፌት ማሽኖቻችንን የሚጠግኑ፣ ዕድሜያቸው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ነገር የማያበዙ ሰው ናቸው፤ እኛ ሴቶቹ ሁላችን «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ሐሳቡን ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ጠራረጉና «ይኼ ነገር ሰው ይበላል» አሉ። በሦስተኛው ቀን ግን አንድ ቁራጭ ላሜራ በጋዜጣ ጠቅልለው ይዘውልኝ መጡ።

ላሜራው የጠረጴዛው ገበታ ላይ በተፈለፈለ ቦታ እንዲገባ፣ ከእንጨቱ ጋር እኩል እንዲተኛ ሆኖ ተሠራ። መሀሉ ላይ ምላጩ የሚወጣበት ቀጭን ስንጥቅ አለው። መጋዙን ገልብጠው ጠፍጣፋ እግሩን ከላሜራው ሥር በአራት ብሎን አሰሩት። ጠረጴዛው ዳሱ ውስጥ ተመልሶ ሲቆም ከላይ የሚታየው ግማሽ ክብ ምላጭ ብቻ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ የመጋዙ ሆድ ተንጠልጥሏል። የመጋዙ ማብሪያ በጣት ተጭነው የሚይዙት ዓይነት ስለሆነ ጋሼ በጠፍር አሰሩትና ሌላ ማብሪያ ማጥፊያ በጠረጴዛው እግር ላይ ገጠሙለት፤ ባለቤቴ በቀኝ ጉልበቱ ሲገፋው እንዲጠፋ። «እጅህ ሥራ ላይ ነው፤ ማጥፋት ያለብህ በሌላ ነገር ነው» አሉት።

ሐዲዱም ሥራ አላጣም። ጠርዙ ቀጥ ያለ ስለሆነ፣ ከምላጩ አጠገብ በሁለት ሞርሳ አስረው እንጨቱ ተደግፎት የሚሄድበት አደረጉት። ሐዲዱን ወደ ምላጩ ስታስጠጋው ቀጭን፣ ስታርቀው ሰፊ እንጨት ይወጣል። እኔ በስፌት መኪናዬ ላይ እንደማደርገው ነው።

መጀመሪያ ያበራነው ቀን የግቢው ቫልቮላ ተቃጠለ። የጎረቤቶቻችን መብራት አብሮ ስለጠፋ ይቅርታ እየጠየቅሁ በየደጁ ዞርኩ። ከዚያ በኋላ ሰው ሁሉ ሥራ በሚውልበት ሰዓት ብቻ ለመሥራት ተስማማን፤ እኔ የጠዋት ፈረቃ በምሆንበት ሳምንት፣ ከሰዓት በኋላ። ሁለት ሰው ይጠይቃል። እሱ ከዚህ ይገፋል፣ እኔ ከዚያ ማዶ ቆሜ የተቆረጠውን እቀበላለሁ።

የመጀመሪያው ቁራጭ ሲወጣ በጣቱ ዳበሰው፣ ወደ ብርሃን አንሥቶ በአንድ ዓይኑ አየውና ግድግዳ ላይ አስደግፎ ሁለተኛውን አነሣ። እኔም ደስታዬን አልተናገርኩም። ከጦርነት የተመለሰ ሰው ፊት ደስ አለኝ ማለት ያሳፍረኝ ነበር፤ ለምን እንደሆነ አሁንም በደንብ አላውቅም።

በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ረዘም ያለ እንጨት እየገፋ ሳለ የምላጩ ድምፅ ተለወጠ። የሚያፏጭ የነበረው ታፈነ። ከዚያ እንጨቱ ከእጄ ተመንጭቆ ወደ እሱ ተወረወረ፤ በጎኑ አልፎ የዳሱን ቆርቆሮ በሳው። እሱ ወደ ኋላ ተንገዳገደና በጉልበቱ ማብሪያውን መታ። ጸጥ አለ። ቆርቆሮው ላይ የተሰካውን እንጨት ዞሮ አየው።

«ተርፈናል» አለ።

እኔ የማየው መሬቱን ነበር። ሰጋቱራው ላይ ጠብታ አለ። ጠብታው እየበዛ ነው።

«እጅህ» አልኩት።

«የትኛው?»

የግራ እጁ መዳፍ ከአውራ ጣቱ ሥር እስከ አንጓው ተሰንጥቋል። እንጨቱ ሲወረወር ጠርዙ ገምሶት ነው ያለፈው። አንሥቶ አየው፤ የሌላ ሰው ዕቃ እንደሚያይ ሰው። በነጠላዬ አስሬለት ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ድሬሰሩ ማደንዘዣ እስኪያመጣ አልጠበቀም፤ «ስፋው፣ አይሰማኝም» አለው። ሰፋው። እኔ ዕድሜዬን በመርፌ የኖርኩ ሴት ያንን ስፌት ማየት አቅቶኝ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።

ቤት እንደደረስን የመጋዙን ገመድ ከሶኬቱ ነቀልኩ። ጋሼ መጋዙን በአራት ብሎን እንዳሰሩት አይቼ ነበርና በካቻቪቴ ፈትቼ፣ መጋዙን ከነገመዱ የልብስ ሣጥኔ ውስጥ ቆለፍኩበት። ቁልፉን መቀነቴ ላይ ቋጠርኩት። እሱ በር ላይ ቆሞ ያየኛል።

«ቁልፉን አምጪ» አለኝ በማግስቱ።

«አላመጣም።»

«የእኔ ዕቃ ነው።»

«እጁም የአንተ ነው። መቆረጡን ግን የነገርኩህ እኔ ነኝ።»

ጮኾብኝ አያውቅም፤ ያን ዕለትም አልጮኸም። አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ ብሎ የታሰረውን እጁን ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«እዚያም ስመታ አላወቅሁም» አለ። «እየሮጥኩ ነበር። ከጎኔ የነበረው ልጅ ነው ‹ቆስለሃል› ያለኝ። ‹የት?› አልኩት። ሲያሳየኝ ነው የወደቅሁት።»

ስለ ጦርነቱ የነገረኝ የመጀመሪያው ነገር ይኼ ነው። ከዚያ በኋላም የጨመረልኝ ብዙ አይደለም። «ልጁስ?» አልኩት። ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ። ቁልፉን ግን ያኔም አልሰጠሁትም። አሳዝኖኛል፤ ያዘነ ሰው ቁልፍ ይሰጣል ማለት ግን አይደለም።

ሣጥኑን ያስከፈቱኝ ጋሼ ናቸው። የሆነውን ሰምተው እሑድ ከሰዓት መጡ። መጋዙን ከሣጥን አስወጥተው ቦታው መለሱና ሳያበሩ ሐዲዱንና ምላጩን በማስመሪያ ለኩ፤ መጀመሪያ ከፊት፣ ቀጥሎ ከኋላ። ከኋላ በኩል የአሥር ሳንቲም ፍራንክ ውፍረት ያህል ጠብቧል።

«ይኸው» አሉ። «እንጨቱ ሲገባ ሰፊ በር፣ ሲወጣ ጠባብ በር። ተቀርቅሮ ምላጩ ጀርባ ላይ ይቀመጣል፤ ከዚያ ይወረውረዋል። ጥፋቱ የእጅህ አይደለም።»

ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ፊቱ እንዴት እንደተለወጠ እኔ ነኝ የማውቀው። ጥፋቱ የእጁ አለመሆኑን ከሰው አፍ መስማት ፈልጎ ነበር ለካ። ሳምንቱን ሙሉ እኔ ስለ እጁ ስናገር እሱ የሰማው ሌላ ነገር ነበር።

ጋሼ ከአሮጌ መጋዝ ብረት ቆርጠው ከምላጩ በስተኋላ የሚቆም ቀጭን ስለት አልባ ብረት ሠሩለት፤ የተሰነጠቀው እንጨት መልሶ ምላጩን እንዳይነክስ የሚያራርቅ። ባለቤቴ ደግሞ የራሱን ጨመረ። አንድ የዋንዛ ቁራጭ አንዱን ጫፍ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ በጥርስ አድርጎ ሰነጠቀው። ያንን ከጎን በሞርሳ ሲያስረው ጥርሶቹ እየታጠፉ እንጨቱን ወደ ሐዲዱ ይጫኑታል፤ ወደፊት ያሳልፉታል፣ ወደ ኋላ ግን አያስመልሱትም። የግራ እጁ ይሠራ የነበረውን ሥራ ማበጠሪያው ወሰደው። መጨረሻው ላይ በእጁ ሳይሆን በዱላ ነበር የሚገፋው።

እኔ የጨመርኩት ኪስ ነው። ከቱታው በግራ በኩል እስከ ክርን የሚያስገባ ጥልቅ ኪስ ሰፋሁበት፤ በላዩም ቁልፍ አደረግሁበት። መጋዙ ሳይበራ በፊት ግራ እጁ ኪስ ይገባል፣ ቁልፉ ይዘጋል። መጀመሪያ «እንደ እስረኛ» ብሎ አጉረመረመ። እኔ ቁልፉ ካልተዘጋ ማዶ አልቆምም አልኩ። በሁለተኛው ሳምንት ሳልነግረው ራሱ ይዘጋው ጀመር።

የጓሮው መስኮት ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ተሠራ። ጎረቤታችን አየውና የእሱንም አሠራ። ሌላዋ የበር ክፈፍ አለች። ከዚያ የቀበሌያችን ሴቶች ማኅበር ለሕፃናት ማቆያው ትንንሽ ወንበሮች ትሠሩልናላችሁ ወይ ብሎ ጠየቀን። ሃያ አራት ወንበር። እግሮቹ ሁሉ እኩል መሆን ነበረባቸው፤ የሚወላገድ ወንበር ላይ የሕፃን ወተት ይደፋል። ከሰዓት በኋላ ሙሉ ማዶ ለማዶ ቆመን እንውላለን። በመጋዙ ጩኸት መነጋገር አይቻልም። ዓይን ለዓይን ነው የምንግባባው፤ ቅንድቡን ሲያነሣ ልጀምር ነው ማለት ነው፣ እኔ አገጬን ስነቀንቅ ይዣለሁ ማለት ነው። ከዘመተበት ጀምሮ እንደዚያ ተያይተን አናውቅም ነበር።

ወንበሮቹ ሊያልቁ ሲቃረቡ ሊቀመንበሩ መጣ። ብቻውን ነው፤ በብብቱ ደብተር ይዟል። ደጅ ላይ ሰላምታ ሰጠንና ድምፁን አስተካክሎ፣

«በዚህ ግቢ የግል ወርክሾፕ ተከፍቷል የሚል ጥቆማ ደርሶናል» አለ።

«ወርክሾፕ አይደለም፣ የምግብ ጠረጴዛ ነው» አልኩት። እውነቴን ነበር። ቅዳሜና እሑድ ምላጩን ዝቅ አድርገን፣ ጨርቅ ጣል አድርገን እንበላበት ነበር።

ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብሎ የጠረጴዛውን ሥር ተመለከተ። ከዚያ ተንበረከከ። ደብተሩን መሬት ላይ አስቀመጠው። እሱም እንጨት ሠራተኛ ነውና አንዴ ካየ በኋላ ለጥቆማው የቀረው ቦታ ትንሽ ነበር። ብሎኖቹን ነካካ፣ የጉልበት ማብሪያውን ሁለት ሦስቴ አጥፍቶ አበራ።

«ይኼን ማን ነው የሠራው?»

ባለቤቴ «እኔ» ይላል ብዬ ጠበቅሁ። ቢል ቅር አይለኝም ነበር፤ ባልየው የሚሠራው፣ ሚስቲቱ የምታግዘው ተብሎ ነው ነገር የሚወራው።

«ያሰበችው እሷ ናት» አለ። «እኔ እምቢ ብያት ነበር። ብረቱን የሠሩት የእነሱ ፋብሪካ መካኒክ ናቸው።»

«አንተስ?»

«እኔ እንጨት እገፋለሁ።»

ሊቀመንበሩ ወደ እኔ ዞሮ አየኝ፤ እንደ አዲስ ሰው። እኔ የማደርገው ጠፍቶኝ ከወንበሮቹ ላይ ሰጋቱራ ማራገፍ ጀመርኩ።

ከዚያ የመጣበት ነገር ወጣ። የማኅበሩ ትልቁ ማሽን አልተጠገነም። የተቀበሉት የትምህርት ቤት ዴስክ ሥራ አለ፤ በእጅ መጋዝ እየሠሩ ቀኑ እየደረሰባቸው ነው።

«ይኼን ነገር ለጥቂት ወራት ለማኅበሩ ብትሰጠን» አለ።

«ያለ እኔ አይሄድም።»

«ቦታ አለህ ብዬህ የለ?»

«ዘበኛ አልሆንም።»

«በአንድ እጅ ግን…»

ባለቤቴ ንግግሩን አላስጨረሰውም። ተቆጥቶ አይደለም። ግራ እጁን ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ ቁልፉን ዘጋ፣ ሐዲዱን አስጠጋ። ቅንድቡን አነሣ። አገጬን ነቀነቅሁ። ከሊቀመንበሩ ቁመት የሚረዝም፣ አንድ ጣት የማይሞላ ዘንግ ከጣውላው ጎን ሰንጥቆ አወጣና አቀበለው። ሊቀመንበሩ ከኪሱ ማስመሪያ አውጥቶ ሁለቱን ጫፍ ለካ፤ መሀሉንም ለካ። ማስመሪያውን አጥፎ ደብተሩን ከመሬት አነሣ።

«ሰኞ ይዘኸው ና» አለ። በር ላይ ሲደርስ ቆመና፣ «እንደ አንደኛ ደረጃ ባለሙያ ነው የምትመዘገበው» ብሎ ሄደ። ስለ ወርክሾፑ ጥቆማ ከዚያ በኋላ የጠየቀን የለም።

ሰኞ ጠዋት ጠረጴዛውን በጋሪ ጫኑት። እኔ የከሰዓት ፈረቃ ስለነበርኩ ቆሜ አየሁ። ከቤታችን መውጫ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ድንጋዩ ጋሪውን ያንገጫግጨው ነበርና ባለቤቴ በቀኝ እጁ አንዱን የጠረጴዛ እግር ይዞ አብሮ ይራመዳል። ሲታጠፍ ዘወር ብሎ አላየኝም። ቤት ስገባ ጠረጴዛው ድሮ የነበረበት ቦታ ሲሚንቶው ነጥቶ፣ አራት የእግር ምልክት ይዞ ቀርቶ ነበር። ለረጅም ጊዜ ሰሃናችንን በርጩማ ላይ አድርገን በላን።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ምሳ ዕቃውን ረስቶ ሄዶ ወሰድኩለት። በማዶ በኩል እኔ እቆምበት የነበረው ቦታ ላይ አንድ ደንዳና ሰው ቆሟል። ሥራውን ያውቃል። ሳይቸኩል፣ ሳይጎትት፣ የተቆረጠውን ሁለቱን እንጨት አራርቆ ይቀበላል። ከእኔ ይሻላል፤ ይኼን ሳልዋሽ መናገር አለብኝ። ቆሜ ሳያቸው የተሰማኝን ቅናት ብዬ እንዳልጠራው የምቀናበት ሰው ጢማም አናጢ ነው። ምሳ ዕቃውን በሩ አጠገብ አስቀምጬ ወደ ሥራዬ ሄድኩ።

መጋዙ ሁለት ዓመት ከምናምን አገለገለ። ዴስኮቹ አልቀው ሌላ ሥራ መጣ፤ ከዚያም ሌላ። በአንድ ክረምት መብራቱ ደከም ባለበት ቀን ሞተሩ ጢስ ጢስ ብሎ ቆመ። ባለቤቴ መርካቶ ሞተር የሚጠመጥም ሰው ዘንድ ወሰደው፤ ተጠምጥሞ ተመለሰ፤ እንደ ቀድሞው ግን ኃይል አላገኘም። የሚያዝን መስሎኝ ነበር። «ሽማግሌ ነበር» አለ። ያኔ የትልቁ ማሽን መለዋወጫም መጥቶ ነበርና እሱ ላይ ሠራ፤ የጉልበት ማብሪያውን ነቅሎ ለትልቁ ማሽን ገጠመለት። ሐኪሙ ያለው «ምናልባት»ም ከፊሉ ደረሰ፤ አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ቀስ በቀስ መጨበጥ ጀመሩ። ሌሎቹ እንደዚያው ቀሩ።

ማኅበሩ እስኪፈርስ ድረስ እዚያው ነበር። ሥራ ላይ የዋለበትን ነገር ቤት ድረስ ይዞ መምጣት ልማዱ አልነበረም፤ ከጊዜ በኋላ ግን አንዳንድ ቀን እራት ላይ በጣቱ ገበታው ላይ እየሣለ ይጠይቀኝ ጀመር። አንድ ቀን ለስብሰባ አዳራሽ ትልቅ ክብ ጠረጴዛ ታዘዙ።

«ጠርዙ ላይ የሚዞረው ቀጭን እንጨት ሳይሰበር እንዴት ይታጠፋል?» አለኝ። «ጨርቅ ቢሆን ምን ታደርጊ ነበር?»

አሰብኩ። ጨርቅ ቢሆን በሰያፍ ቆርጬ እዞርበት ነበር። እንጨት ግን በሰያፍ ቢቆረጥ ምን እንደሚሆን አላውቅም።

«አላውቅም» አልኩት።

«እኔም አላውቅም» አለ። ቀጥለን በላን።